ለደጋ መንገድ የሚስማማ የብስክሌት ጎማ

ደብረ ታቦር ስለ መንኰራኵር የምታስተምረን ነገር አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ ዐቀበቱና ቍልቍለቱ መንገድ እያስጠረገ ወራት ፈጅቶባቸዋል። መንኰራኵር የሚመረጠው እንደ መንገዱ ነው።

ከአዲስ ዘመን ከተማ ወደ እብናት በብስክሌት ለመሄድ የሚያስብ ወጣትም ከደመወዙ አጠራቅሞ የተሻለ ጎማ ሲገዛ ይህን ሊያስብ ይገባዋል። በመደብር ዓይን የሚስበው ከካርቦን የተሠራው ጐኑ ሰፊ ቸርኬ ነው። ጥቅሙ ነፋስን መሰንጠቅ ስለ ሆነ በሜዳና በፈጣን ጉዞ ይታወቃል፤ ዐቀበት በዝግታ ለሚወጣ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዐይነት ከሆነም፥ በረዥም ቍልቍለት የሚፈጠረው ሙቀት ካርቦኑን ሊጐዳውና በነጂው ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል።

በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ ነው። በእንዲህ ያለው ውድድር ትርፍ ጎማ የጫነ መኪና ተወዳዳሪዎችን ይከተላል፤ የእብናትን ተጓዥ ግን የሚከተለው የለም።

ስለዚህ ቸርኬው አሉሚኒየም፥ ራጂውም ከ20 ይልቅ 32 ቢሆን እንመክራለን፤ አንዱ ቢሰበር የቀሩት ቤት ያደርሳሉ። ጎማው፥ ሹካው ከፈቀደ፥ ከ28 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ሰፊ ጎማ በአነስተኛ አየር ስለሚነዳ የጠጠሩን ንዝረት ያበርዳል። ከዚህ የሚተርፈው ገንዘብ ለጥሩ ፍሬን ይዋል። ወጥቶ በደኅና መመለስ ከፍጥነት ይቀድማልና።