የደባርቅ አየር ብቻውን አያሮጥም

በቆጂና ደባርቅ በከፍታ እኩያ ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጠዋል። በሁለቱም ገብስ ይበቅላል፤ በሁለቱም የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ዳገትና ቁልቁለት እየቆረጠ ነው። ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ከደባርቅስ? የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ አንድም ሯጭ የለንም።

«አየሩማ አለን፤ ዕድል ነው የጎደለን» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ «ዕድል» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። አየር ጥሬ ዕቃ ነው። ጥሬ ዕቃ ደግሞ ያለ ሥራ ዝም ብሎ ወርቅ አይሆንም።

ጥሬ ዕቃውማ ግሩም ነው። በደባርቅ ከፍታ የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች 30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ሰውነትም ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሌቪንና ስትሬይ-ጋንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሯጮችን 2,500 ሜትር ላይ አኑረው 1,250 ሜትር ላይ ሲያሰለጥኗቸው የ5,000 ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ «ከፍ ብለህ ኑር፣ ዝቅ ብለህ ተለማመድ» የሚለው ዘዴ በዓለም ተስፋፋ። እኛ ለዚህ አውሮፕላን አያስፈልገንም። ደባርቅ አድሮ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው በአንድ መንገድ ከ1,500 ሜትር በታች ይደርሳል።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለው ልጁን ከዓመት ዓመት የሚከታተል ዓይን ነው። በቆጂ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን ገና ከትምህርት ቤት እያዩ ለአስርተ ዓመታት አሰልጥነዋል። በብዙ ቦታ ግን ምልመላ ማለት የአንድ ቀን ውድድር ነው። የ15 ዓመት ልጆች ይሰለፋሉ፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ከፊት የገቡት ይወሰዳሉ፣ የቀሩት በቃ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሴት ልጅ በአማካይ በ12፣ ወንድ ልጅ በ14 ዓመት ግድም በፍጥነት ይመዘዛሉ፤ ግን አንዱ ሁለት ዓመት ሊቀድም፣ ሌላው ሁለት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በ15 ዓመት ያሸነፈው ልጅ የተሻለ ሯጭ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ቀድሞ ስላደገ ብቻም ሊሆን ይችላል። የዘገየው በ20 ዓመቱ ሊበልጠው ይችል ነበር፤ ያኔ ግን ማን ያየዋል?

የሚዘገዩት እነማን ናቸው? ብዙ ጊዜ በልጅነታቸው በቂ ምግብ ያላገኙት ናቸው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2003 ዓ.ም በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 52 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም 46 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 41 በመቶ ሆነ። መሻሻል ነው፣ ደስ ይላል። ሆኖም የያኔዎቹ 52 በመቶ ዛሬ በመሮጫው ዕድሜ ላይ ያሉት ወጣቶች ናቸው። በአንድ ቀን ፊሽካ ስንመርጥ የድሃውን ልጅ ሁለት ጊዜ እንቀጣዋለን ማለት ነው፤ አንዴ በማጀቱ፣ አንዴ በመም ላይ።

ጥሩ ሯጭ የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ነው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆና በ2004 አቴንስ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች፤ 14 ዓመት ነው። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2001 በአገር አቋራጭ የወጣቶች የዓለም አሸናፊ ነበር፤ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሲጨርስ 37 ዓመቱ ነበር። የ15 ዓመት ልጅን የአንድ ቀን ውጤት አይቶ መፍረድ በዘር ወቅት ስለ አዝመራው እንደ መማል ነው።

መከታተል ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ጎረቤታችን ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ መሆኑን አስታውሱ። በብዙ ገጠር የአትሌት ዕድሜ በግምት ሲነገር፣ በዳባት የምዝገባ ቀበሌዎች ግን የልደት ቀን በመዝገብ የሰፈረ ልጅ አለ። እዚያ ላይ ቁመት፣ ክብደትና የ20 ሜትር ደርሶ መልስ ሩጫ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ምን ያህል ወጪ ነው? ሜትር፣ ሚዛን፣ ድምፅ የሚያሰማ ስልክና አንድ መምህር። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ደጃፋችን ላይ ነው። ሌላው ዓለም ይህን ስለሚያደርግ ነው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2014 በ19 አገሮች የልጆች ትንፋሽ አቅም 7 በመቶ ገደማ መውረዱን ያወቀው። የእኛ ልጆች ወጥተው ይሁን ወርደው ግን የምናውቅበት መዝገብ የለንም።

«በዚህ ጊዜ ስለ ሩጫ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም ክረምት ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደርሷል፤ ከዚያም ወዲህ ክልሉ ሰላም አላገኘም፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የሩጫ አቅም ግን ልምምድ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። የአጥንት ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ልጅ በሚመዘዝባቸው ሁለት ዓመታት ውስጥ ለዕድሜ ልኩ ከሚሸከመው አጥንት ሩብ ያህሉን ይገነባል፤ እነዚያ ሁለት ዓመታት ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆመው አይጠብቁም። ስለዚህ ሰላሙን እየለመንን የልጆቹን ቁመትና ሩጫ በአንድ ደብተር መጻፍ እንጀምር። ደብተሩ ቢያንስ ማን እንደዘገየ፣ ማን ምግብ እንደጎደለው፣ ማንን ቶሎ እንደጣልነው ይነግረናል።