ያውቁ ኖሯል? ታምፖን ሆድ ውስጥ አይጠፋም

ከሞዴስ ሌላ የማያውቁ ብዙ ሴቶች ታምፖን (በወር አበባ ጊዜ ብልት ውስጥ የሚገባ፣ ማውጫ ክር ያለው ደም መጣጭ) «ወደ ማህፀን ገብቶ ይቀራል» ብለው ይፈራሉ። አይገባም፤ የማህፀን አንገት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ አያሳልፈውም። ክሩ ባይገኝ እንኳ ሐኪም በቀላሉ ያወጣዋል። ድንግልናን ያሳጣል የሚባለውም ስህተት ነው።

መፍራት ካለብን ሰዓቱን ነው። በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ከ8 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ሪላይ» የተባለው፣ ብዙ ደም የሚመጥ ታምፖን «ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም» ከሚባል ገዳይ ሕመም ጋር ተያይዞ ከገበያ ወጥቷል። ሕመሙ ዛሬ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ማዞር ወይም በፀሐይ የተቃጠለ የሚመስል ሽፍታ ከታየ ታምፖኑን አውጥቶ በፍጥነት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ለደምዎ መጠን የሚበቃውን ትንሹን ይምረጡ። ደሙ ሲያንስ ደረቁ ታምፖን ሲወጣ ያምማል፤ ያኔ ሞዴስ ይሻላል። ከማስገባትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ (ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህን ማለት ቀላል፣ ማድረግ ግን ከባድ ነው፤ ቢሆንም ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ይቻላል)።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ ያገለገለውን ጠቅልለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጨምሩ እንጂ ሽንት ቤት አይጣሉት፤ ቱቦው ሲደፈን ከታች ያለው ጎረቤትም ይቸገራል።