ሚኤሶ፣ የጨርጨር ወደብ

ምዕራብ ሐረርጌ ባሕር የለውም፤ የወደብ ከተማ ግን አለው። ከጭሮ ዳገት ወደ ሚኤሶ የወረደ መንገደኛ የጨርጨርን ደጋ ከኋላው ትቶ ቆላው ውስጥ ሲገባ፣ ጨርጨርን ከጅቡቲ ያገናኘው የምድር ባቡር መስመር ላይ ይደርሳል። የደጋው ቡና በኬሻ የወረደው፣ ሸቀጡም ወደ ላይ የወጣው በዚህ በር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከታች ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። ኩባንያው ከስሮ ሌላ ከተካው በኋላ መስመሩ የተራራውን ግርጌ ይዞ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት አለፈና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

ለጎብኚ ቅድሚያ የምሰጠው ለሀዲዱ ራሱ ነው። አሮጌው ብረት እስካሁን ባለበት ስፍራ ወርዳችሁ መሐሉ ቁሙ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው አንድ ሜትር ብቻ ነው፣ አንድ እርምጃ። ጠባብ ሀዲድ ወጪው ያንሳል፣ በተራራ ሥርም እንደልብ ይጠማዘዛል። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ለብዙ ዓመታት በዚህች ስፋት ተመላልሷል። በናፍጣ የሚሠራው ባቡር እስኪመጣ ድረስ የእንፋሎቱ ሞተር በመንገዱ ላይ እየቆመ ውሃ መቅዳት ነበረበት፤ ስለዚህ ጣቢያ ሲባል ትኬት መቁረጫ ብቻ አልነበረም። ውሃ፣ መጋዘንና ስልክ ባሉበት ገበያ ይቆማል፣ ገበያውም ከተማ ይሆናል።

ጭሮ የተወለደችው በሌላ መንገድ ነው። በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የጨርጨር ገዢ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ አውራጃውን ለሌላው አርአያ ለማድረግ ሲነሱ ጭሮን፣ በያኔ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ በዕቅድ አስገነቧት። ሚኤሶን ባቡር፣ ጭሮን የአንድ ሰው ሐሳብ ሠራቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ሚኤሶን አልዘለላትም። ከሰበታ የመጣው የቻይና ተቋራጭና ከጅቡቲ በኩል የሠራው ሌላው የተገናኙት እዚሁ ነው፤ የአዲሱ ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ሆኗል። አዲሱ መስመር ሥራውን ስለተረከበ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች እንደ ቁራጭ ብረት መታየት የለባቸውም። ድንጋያቸው ሳይነቀል ተመዝግበው ቅርስ ሊባሉ ይገባል፤ ይህን ከዞኑም ከምድር ባቡርም እንጠብቃለን። ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ሚኤሶን ይይ፤ ከሰዓት ወደ ጭሮ ይውጣ።