ባለቤቱ የሚጨርሰው ፒክአፕ

አሜሪካ ውስጥ ፒክአፕ ከዓመት ዓመት እየፋፋ የሄደ መኪና ነው። ጋቢናው ሰፋ፣ ስፖንዳው ከፍ አለ፣ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ፎርድ ራሱ ትንሹን ሬንጀር እ.ኤ.አ. በ2011 መሥራት አቁሞ ለዓመታት ቦታውን ባዶ ተወው፤ መኪናው በ2019 ወደ አሜሪካ ገበያ ሲመለስም ትንሽነቱ ቀርቶ ነበር። በጁን 2021 ለሕዝብ የታየችው ፎርድ ማቭሪክ ያንን ክፍተት ለመሙላት የመጣች ናት። ሜክሲኮ ውስጥ ኤርሞሲዮ በተባለች ከተማ ትገጣጠማለች። ባለ ደብል ጋቢና ናት፣ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ርዝመቷ 5 ሜትር ከ7 ሴንቲ ነው። መነሻ ዋጋዋ 19,995 ዶላር ተባለ። በ1969 በዚሁ ስም የወጣችው የፎርድ የቤት መኪና መነሻዋ 1,995 ዶላር ስለነበር፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስሙ ከአሥር እጥፍ በጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ ተመለሰ ማለት ነው።

እኛ አገር ፒክአፕ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሃይሉክስ ነው፤ ሻንሲው ለብቻው፣ ከኋላ ባሌስትራ። ማቭሪክ እንደዚያ አይደለችም። አካሏ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ነው፣ ከኋላ ያላትም ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ነው። የምትሸከመው ሰውና ዕቃ ተደምሮ 680 ኪሎ ገደማ፣ ሰባት ኩንታል የማይሞላ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ለሚያመላልስ ሰው አልተሠራችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን ለሚያስተካክል፣ አልጋ ገዝቶ የሰው መኪና መለመን ለሰለቸው ሰው ነው የተሠራችው።

የእሷ ነገር ያለው ከኋላ ነው። የጭነት ቦታዋ 1 ሜትር ከ38 ሴንቲ ብቻ ይረዝማል፤ አዋቂ ሰው እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም። እንዲህ ባለ አጭር ቦታ ላይ ኮምፖርሳቶ እንዴት ይጫናል? የተለመደው የአሜሪካ ኮምፖርሳቶ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው። በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ያለው ስፋት ግን 1 ሜትር ከ8 ሴንቲ ስለሆነ ወለሉ ላይ ዝርግ ብሎ አይገባም። መፍትሔው የኋላው ስፖንዳ ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዘርጋት ይልቅ የብረት ገመዶቹ አጥረው ሲያዙት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ጫፉም ከጎማ ጉብታዎቹ አናት ጋር እኩል ይሆናል። ኮምፖርሳቶው እንግዲህ ከፊት በጉብታዎቹ፣ ከኋላ በስፖንዳው ላይ ተደግፎ ይሄዳል፤ ከሥሩም ለሌላ ዕቃ ቦታ ይተርፋል። ስፖንዳው ሙሉ ሲዘረጋ ደግሞ ወለሉ ወደ 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል።

ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ጎኖቹን ላየ ሰው ላሜራው ላይ ወደ ታች የወረዱ ሰርጎድ ያሉ መስመሮች አሉ። ጌጥ አይደሉም፤ ስፋታቸው የተለካው እንጨት ቤት ለሚሸጠው ተራ ጣውላ ነው። ጣውላውን ቆርጦ በመስመሩ ማስገባት ነው፤ ወይ የጭነት ቦታውን ለሁለት ይከፍላል፣ ወይ ለብስክሌት ማቆሚያ ይሆናል፣ ወይ ሁለተኛ ወለል ይሸከማል። ጎኖቹ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎችም ስላሉ ብሎን ገዝቶ የፈለጉትን ማሰር ይቻላል። ግራ የገባው ሰው በስልኩ የሚያነሳው ባለ አራት ማዕዘን ኮድ እዚያው ተለጥፏል፤ አሠራሩን ወደሚያሳይ ቪዲዮ ይወስደዋል። ገመድ ከሚታሰርባቸው ማያያዣዎች ላይ የጠርሙስ መክፈቻ መኖሩን ስሰማ ሥራ ማቆሚያ ሰዓትን የሚያውቅ መሐንዲስ አለ አልኩ።

ኤሌክትሪኩም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። በጭነት ቦታው ግራና ቀኝ ከክዳን ሥር ለ12 ቮልት የተዘጋጀ ሽቦ አለ፤ መብራት ለመትከል የመኪናውን ገመድ መበጣጠስ አያስፈልግም። ጨምሮ ለሚከፍል ደግሞ 110 ቮልት ሶኬት ይገጠማል፤ አቅሙ 400 ዋት ነው። ላፕቶፕና የመሰርሰሪያ ባትሪ ይሞላል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን አይሞከርም። ምጣድ ያሰበ ሰው እስከ 7.2 ኪሎዋት የሚሰጠውን የፎርድ ትልቅ ፒክአፕ፣ የኤፍ-150ን ሃይብሪድ ይጠይቅ።

ከዚህ በላይ ያለው መደብር የሚሸጠው ዕቃ ነው። ወለሉ ላይ የሚረጨው የፕላስቲክ ልባስ ቀለሙን ከመፋቅ፣ ላሜራውን ከዝገት ያድናል፤ በኔ ግምት መጀመሪያ መገዛት ያለበት እሱ ነው። ሽፋኑ በሁለት መልኩ ይመጣል፦ እንደ ሰሌን የሚጠቀለል ለስላሳ ሸራና ለሦስት የሚታጠፍ ጠንካራ ክዳን። ጠንካራው ከሌባ ይሻላል፤ ፍሪጅ ማቆም ሲፈለግ ግን መታጠፉ ወይም መነሳቱ አይቀርም። የተዘረጋው ስፖንዳ ላይ የሚገለበጠው የቱቦ አጥር ርዝመት ስለሚጨምር ለዚች መኪና የግድ ሊባል ምንም አይቀረው። ማሰሪያዎችን ወዲያ ወዲህ የሚያንሸራትተው ሐዲድ ያምራል፤ ጣውላና ብሎን ላለው ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ጋቢናውም ውስጥ ይኸው ሐሳብ አለ። በፊት ወንበሮች መካከል ካለው ሣጥን ጀርባ፣ ለኋላ ተሳፋሪ የሚሆን ኩባያ መያዣ ወይም የቆሻሻ ማጠራቀሚያ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ፎርድ የቀዳዳውን ልክ ይፋ ስላደረገው፣ በቤቱ የፕላስቲክ ማተሚያ ያለው ሰው የሚሰካውን ዕቃ ራሱ ያወጣል።

ገዥው አልዘገየም። 191 የፈረስ ጉልበት ያለው የማቭሪክ ሃይብሪድ በከተማ መንገድ በአንድ ሊትር ወደ 18 ኪሎሜትር ስለሚሄድ፣ ፎርድ የ2022 ሞዴል ሃይብሪድ ትእዛዝ መቀበል እስከ ማቆም ደረሰ። መጀመሪያ ላይ ሃይብሪዱ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነበር፤ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳው አማራጭ የመጣው በ2025 ሞዴል ነው። የዚያ ሞዴል መነሻ ዋጋ ከ26,000 ዶላር አልፏል።