ላምባ የሚያነደው ቦይለርና የቧንቧ ተለማማጁ

አገር ቤት በላምባ ምድጃ ያበሰለ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ድስቱ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል፤ ቢጫ ሆኖ ከተንቀለቀለ ግን ቂጡ ይጠቁራል፣ ቤቱም ላምባ ላምባ ይሸታል። በብሪታንያ ገጠር የዘይት ማሞቂያ የሚባለው ቦይለር የሚያነደው ይህንኑ ላምባ ነው። የሙያው ሰዎች "28 ሰከንድ" ይሉታል፤ ስሙ የመጣው የተመጠነ ላምባ በመለኪያ ዕቃው ቀዳዳ ወርዶ ለማለቅ ከሚፈጅበት ጊዜ ነው። የሥራው ዋና ጥያቄም ያው የምድጃው ጥያቄ ነው፤ እሳቱ በንጽሕና እየነደደ ነው ወይስ እያጨሰ?

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ለንደን ውስጥ ቧንቧ ሥራ ከሚማሩ ልጆቻችን ጋር ባወራሁ ቁጥር የሚያነሡልኝ ጋዝን ብቻ ስለሆነ ነው። አይፈረድባቸውም። በከተማው መንገድ ሥር የጋዝ መስመር ተዘርግቷል፤ የሚያዩት ቦይለር ሁሉ የጋዝ ነው ማለት ይቻላል። መስመሩ ከማይደርስበት ገጠር ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኮርንዎል፣ በኖርፎክ፣ በዌልስ ኮረብታዎች ላይ ከየቤቱ ጀርባ ሮቶ የሚመስል ታንከር ተቀምጧል፤ ቦቴ እየመጣ ይሞላዋል። በሰሜን አየርላንድማ ከሦስት ቤት ሁለቱ ያህል የሚሞቁት በዘይት ነው። ይህን ሁሉ ቦይለር በየዓመቱ ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

እንግሊዝ ውስጥ የቧንቧና የቤት ማሞቂያ ተለማማጅነት እስከ ደረጃ 3 ድረስ አራት ዓመት ያህል ይወስዳል። ለዘይቱ የሚታወቀው ወረቀት የኦፍቴክ ነው። ኦፍቴክ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተ የዘርፉ ማኅበር ሲሆን ፈተናዎቹ በቁጥር ይጠራሉ። 101 ቦይለሩን አስነሥቶ ማስተካከልንና ሰርቪስ ማድረግን ይመለከታል። 105ኢ ተከላ ነው፣ 600ኤ ደግሞ ታንከሩና መስመሩ። ለትልልቅ ሕንፃዎች 201 አለ። ፈተናው የጽሑፍም የተግባርም ነው፤ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። እኔን የሚጠይቀኝ ካለ በ101 ይጀመር እላለሁ። እሳቱን ያላወቀ ሰው የተከለው ቦይለር፣ ሰርቪስ ለሚያደርገው ሰው የዓመታት ጣጣ ሆኖ ይቀራል።

ከጋዙ ጋር ያለውን የሕግ ልዩነትም ማወቅ ይገባል። በብሪታንያ የጋዝ ቦይለር ላይ በሙያ የሚሠራ ሁሉ በጋዝ ሴፍ መዝገብ ላይ መስፈር ግዴታው ነው። ለዘይት እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። በእንግሊዝና በዌልስ የተመዘገበ ሠራተኛ ቦይለር ሲተክል ሥራው የሕንፃ ደንቡን ማሟላቱን ራሱ ያረጋግጣል፤ ያልተመዘገበው ግን አስቀድሞ ለአካባቢው አስተዳደር አሳውቆ፣ ከፍሎ ማስፈተሽ አለበት። ሕጉ ላላ ስላለ ሳይማሩ የሚገቡበት አሉ። ከእነሱ ጋር አትቆጠሩ፤ የሰው ቤት ነው፣ የተቃጠለ አየር የሚወጣበት ነገር ነው።

አንድ የኅዳር ጠዋት ኖርፎክ ውስጥ አንድ የዘይት ቦይለር ሠራተኛን ተከትዬ ዋልኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦይለሩ ከወጥ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ሰውየው መጀመሪያ ታንከሩን ዞሮ አየ፤ በጣቱ ከመገጣጠሚያዎቹ ሥር ዳሰሰ፣ አሸተተው። ከዚያ በርነሩን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በጋዜጣ ዘረጋው። ፓምፑ ላምባውን ከ7 እስከ 10 ባር በሚደርስ ግፊት ይገፋዋል፤ ኖዝሉ በዓይን በማትያዝ ቀዳዳው በትኖ እንደ ጉም ያደርገዋል፤ ማራገቢያው አየር ይሰጠዋል፤ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ብልጭታ ይዘላል፣ ጉሙ ይቀጣጠላል። ፎቶሴል የምትባል ትንሽ ዓይን ነበልባሉን ትጠብቃለች። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብርሃን ካላየች ሁሉን ትዘጋና ቀዩ መብራት ይበራል። የቤቱ ሰዎች ያንን ቀይ ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑታል፤ እየተጫነ በሄደ ቁጥር ያልነደደ ላምባ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲቀጣጠል ደግሞ በአንዴ ነው። ሰውየው "አንድ ጊዜ ተጫኑት፣ እምቢ ካለ ደውሉልኝ" ብሎ በየቤቱ ይለምናል።

ኖዝሉን አጥቦ አይመልሰውም፤ አዲስ ያስገባል። መጠኑና የሚረጭበት ማዕዘን ላዩ ላይ ተቀርጿል፤ የቦይለሩ መጽሐፍ 80 ዲግሪ ካለ 60 አይሆንም። ቦይለሩን አስነሥቶ ትንሽ ካቆየ በኋላ በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ሰድዶ በእጅ ፓምፕ ጭሱን በነጭ ወረቀት ላይ ሳበው። ወረቀቷን ከ0 እስከ 9 ከተደረደሩት ግራጫ ክቦች ጋር አስተያያት። ምንም ጥላ የላትም፤ ዜሮ ናት። ከዚያ በኋላ ነው የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በመሣሪያ የለካው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ የሚያጨስ እሳት መሣሪያውን በጥላሸት ይደፍነዋል።

ቧንቧ ሥራ የተማረ ልጅ አንድ ነገር ይከብደዋል። የመጀመሪያውን ዓመት የመዳብ ቱቦ በሊድ ሲበይድ ከርሟል፤ እጁ ለምዷል። በዘይት መስመር ላይ ግን ሊድ አይፈቀድም። እሳት ቢነሣ ሊዱ ይቀልጥና ላምባው ወደ እሳቱ ይፈስሳል። እዚህ የቱቦው አፍ እንደ ጡሩምባ ተከፍቶ በነት ይጠብቃል። መስመሩ ላይ የእሳት ቫልቭ አለ፤ ሙቀት ጠቋሚው ቦይለሩ ውስጥ፣ ቫልቩ ራሱ ደጅ። ታንከሩም ሕግ አለው፤ ድርብ ግድግዳ ያለው ከሆነ የውጪው የውስጡን 110 በመቶ የሚይዝ መሆን አለበት፣ እሳት በማያሳልፍ ግድግዳ ካልታጠረ የጎረቤት ወሰን ቢያንስ 760 ሚሊሜትር ይርቃል። ላምባ አንዴ መሬት ከገባ ጉድጓድ ውኃ ያበላሻል።

"ይህ ሙያ ሊቀር አይደለም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የጋዝ መስመር በሌለበት አካባቢ የዘይት ቦይለር ተከላን እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ሊያቆም አስቦ፣ በ2023 መስከረም ላይ ወደ 2035 መግፋቱን አስታወቀ። ከምግብ ዘይት ተረፈ ምርት የሚሠራ ነዳጅም እየተሞከረ ነው። እኔ ዘይትን ብቻ ይዞ እስከ ጡረታ እኖራለሁ የሚለውን ልጅ አላበረታታም። ጋዝ ወይም ሂት ፓምፕ በአንድ እጁ ይዞ ዘይትን በሌላው የያዘ ግን በገጠር ሥራ አይፈታም። የራዲያተር ልክ ማውጣት፣ የቤቱን ሙቀት ማስላት፣ ውኃውን ማመጣጠን ለሁሉም ያው ነው።

ኖርፎክ ላይ ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ሲዲ 11 የሚባለውን የሰርቪስ ቅጽ ሞላ፤ የፓምፑን ግፊት፣ የኖዝሉን መጠን፣ የጭሱን ቁጥር። ያቺን ነጭ ወረቀት ከቅጹ ጋር አያይዞ ለቤቱ ባለቤት ለአሮጊቷ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩዋት፣ ከዚያ ካለፈው ዓመቷ ጋር መሳቢያው ውስጥ አስቀመጧት።