ፍላሻችሁን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ፋይል በፍላሽ ማመላለስ ኋላ ቀርነት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ጽሑፉን ጉግል ድራይቭ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የሚከፍትበት መንገድ አልነበረውም።

ከኮምፒውተር ላብ መልስ ፍላሹ ላይ ያሉ ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱት፣ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉ። ከዚያ ዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ፣ የሲስተም ፋይሎችንም እንዳይደብቅ አስተካክሉ። ዶክመንቶቻችሁ ብቅ ይላሉ፣ ብዙ ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ።

ኤስፒኤስኤስን ከላብ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጎ ቤቱ የሚወስድም አለ። የወሰደው አይኮኑን ነው! የሚጫነው ሴትአፑ ነው፤ የላብ ላይሰንስ ደግሞ ቤት ድረስ አይከተልም። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ፋት32 ፍላሽ ላይ አይገባም፣ ቦታ ቢኖረውም። ፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

በቁቤ የጻፋችሁት የትም ይነበባል። ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ግን ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የምልክት ክምር ይሆናል፤ ፕሪንት ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ፒዲኤፍ አድርጉት።