ምድብ፣ ነጥብና ደንብ

ተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙትን አራት ከተሞች በሐሳባችሁ ተመልከቱ፤ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪና አምቦ። የእነዚህ ከተሞች የእግር ኳስ ቡድኖች ወደ አንድ ታላቅ ውድድር የሚያልፈውን ቡድን ለመለየት ይጋጠማሉ እንበል። የጊንጪ ቡድን የአምቦን ቡድን አንድ ጊዜ በሜዳው ያስተናግዳል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ አምቦ ሄዶ ይጫወታል። ከሆለታና ከአዲስ ዓለም ጋርም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ቡድን 6 ጊዜ ሲጫወት፣ በጠቅላላው 12 ጨዋታዎች ይደረጋሉ። እንዲህ ያለው የቡድኖች ስብስብ «ምድብ»፣ ውድድሩም «ማጣሪያ» ይባላል። ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ግን ምንም አያገኝም።

ለዓለም ዋንጫ የሚደረገው ማጣሪያም በአብዛኛው ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። ብራዚል በ2006 ዓ.ም. ላስተናገደችው ዋንጫ የአውሮጳ 53 ቡድኖች በ9 ምድብ ተከፍለው ነበር። የየምድቡ አንደኛ በቀጥታ ሲያልፍ፣ ሁለተኛ ከወጡት መካከል 8ቱ ሌላ ዕድል ተሰጣቸው። በአፍሪካ ግን 40 ቡድኖች በ10 ምድብ ተደልድለው፣ ወደ መጨረሻው ዙር ያለፈው የየምድቡ አንደኛ ብቻ ነበር። ሁለተኛ መሆን ከመጨረሻ እኩል ነበርና የአንዲት ነጥብ ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነበር።

ኢትዮጵያ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ጋር ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድን ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚህም ነጥቡ 13 ሲደርስ የደቡብ አፍሪካ 8 ነበር። የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ስለሆነ፣ በ8 ላይ 3 ቢጨመር 11 እንጂ 13 አይሞላም። ስለዚህ ሕዝቡ «አለፍን» ብሎ እልል አለ።

ነገር ግን አንድ ነገር ተዘንግቶ ነበር። በውድድሩ ደንብ መሠረት በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ የተሰጠው ተጫዋች በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ እንዲህ ያለ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽንም ጨዋታው 3 ለ 0 በሆነ ውጤት ለቦትስዋና እንዲመዘገብ ወሰነ። የኢትዮጵያ ፌዴሬሽንም ስሕተቱን አመነ። 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ።

አሁን ስሌቱን ልብ በሉ። ደቡብ አፍሪካ የመጨረሻውን ጨዋታ ካሸነፈች 11 ትሆናለች። ኢትዮጵያም አቻ ብትወጣ 11 ይሆንላታል፤ ነገር ግን በግብ ልዩነት ደቡብ አፍሪካ ትበልጣለች። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 ረታች። በዚያው ዕለት ኢትዮጵያ በብራዛቪል የመካከለኛውን አፍሪካ ሪፑብሊክ 2 ለ 1 አሸነፈች። የምድቡ ሰንጠረዥ ኢትዮጵያ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 11፣ ቦትስዋና 7፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ 3 ሆኖ ተዘጋ። ኢትዮጵያ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸንፋ ወደ ብራዚል ሳትሄድ ብትቀርም፣ ምድቧን ግን በአንደኝነት አጠናቅቃለች።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ተጫዋቾች በሜዳ ላይ በላባቸው ያገኙትን፣ መዝገብ በሚገባ ያልተመለከተ ሰው በአንድ ቀን ሊያሳጣቸው ይችላል። ውድድር የእግር ብቻ ሳይሆን የብዕርም ሥራ ነው። እናንተም በትምህርት ቤታችሁ የክፍሎች ውድድር ሲደረግ የነጥቡንና የካርዱን መዝገብ የሚይዘውን ተማሪ ሥራ አትናቁ።

መልመጃ፦ «አቻ ብትወጣ ኖሮ ባላለፈች ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስተውሉ። ያልተፈጸመን ድርጊትና ሊያስከትል ይችል የነበረውን ውጤት ያመለክታል። በዚህ ዓይነት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ከመሠረታችሁ በኋላ፣ በአካባቢያችሁ የሚዘወተር የአንድ ጨዋታ ደንብ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በሚገባ መንገድ በሁለት አንቀጽ አስረዱ።